የዱቤ ደብተሩ ለምን አሸነፈን?



ይህን የምጽፈው በተለይ ዘንድሮ የመመረቂያ ፕሮጀክት ለምትሠሩ የሶፍትዌርና የኢንፎርሜሽን ሲስተም ተማሪዎች ነው። ሌሎቻችሁም ግን እንዳታልፉት አደራ እላለሁ፤ ጉዳዩ እናቶቻችሁ በእጃቸው የያዙትን ስልክ ይመለከታልና።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ኮርስ ፕሮጀክት አራት ሆነን ለባለሱቆች የሚሆን የዱቤ መመዝገቢያ አፕ ሠራን። ሐሳቡ የመጣልን ከጎንደር ሱቆች የማይጠፋውን ደብተር አይተን ነው፤ ጠርዙ የተቀዳደደ፣ ዘይት የነካው፣ እስክሪብቶ በክር የታሰረበት ደብተር። ዱቤ በእኛ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ እስኪወጣ፣ ገበሬው እህሉን እስኪወቃ፣ ወደ መተማና ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደው ወጣት እስኪመለስ ድረስ ቤት የሚቆመው በዱቤ ነው። ዕዳን መጻፍ ደግሞ ለእኛ ምን ያህል የከበደ ጉዳይ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የሚናገረው ስለዚሁ ነው። እናም ደብተሩን በስልክ እንተካው ብለን ተነሣን።

ፕሮጀክቱ ጥሩ ውጤት አገኘ። እኛም ልባችን ሞልቶ አዲስ ዓለምና ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ባሉ 11 ባለሱቆች ስልክ ላይ ጫንነው። ሁሉም በፈገግታ ተቀበሉን፤ ሻይ ጋበዙን፤ መረቁን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰን ስንጠይቅ ግን አፑን የሚጠቀመው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ከመካከላችን የአንዱ አጎት ነው።

ወደ ግቢ በምንመለስበት ባጃጅ ውስጥ የተባባልነው ዛሬም ያሳፍረኛል። «ሰዉ ገና አልነቃም»፣ «ስልጠና ያስፈልጋቸዋል»፣ «ነጋዴ ገቢዎችን ፈርቶ ነው» አልን። ከአራታችን አንድም ሰው «ጥፋቱ የእኛ ይሆን?» አላለም።

እውነቱን የነገሩን በዕድሜ የገፉ አንድ ሐጂ ናቸው። «ሐጂ፣ ምን አስቸገረዎት?» ብለን ጠየቅናቸው። ፈገግ አሉና ደብተራቸውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ይሄ ደብተር እኮ ስሜን ጠይቆኝ አያውቅም» አሉን።

በዚያ ማታ ዶርም ገብተን አፓችን ገና ሲከፈት የሚጠይቀውን ቆጠርን። ቋንቋ ምረጥ። ስልክ ቁጥር አስገባ። በመልእክት የመጣውን ኮድ አስገባ። ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ያለው ፓስወርድ ፍጠር። ፓስወርዱን ድገም። የሱቁን ስም ጻፍ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አስገባ። ከዚያ አፑ ምን ያህል ድንቅ እንደሆነ የሚያወሩ ሦስት ገጾች ይመጣሉ። ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው ባዶ ገጽ ነው። ሐጂ ደብተራቸውን ገልጠው «ስኳር 2 ኪሎ» ብለው እስኪጽፉ ዐሥር ሰከንድ አይፈጅባቸውም። እኛ አንድ ኪሎ ስኳር ከማስመዝገባችን በፊት የሰውየውን ሙሉ ታሪክ ጠይቀናል።

ሱቅ ውስጥ የዋልንበት ቀን

ሐጂን አስፈቅደን ከመካከላችን ሁለታችን አንድ ቀን ከጧት እስከ ዐስር ሰላት ድረስ ሱቃቸው ጥግ ተቀምጠን ዋልን። ምንም አልጠየቅንም፤ ዝም ብለን አየን። በዚያ አንድ ቀን ያየነው ሙሉ ሴሚስተር ከተማርነው በለጠብኝ።

መጀመሪያ ያየነው ስም ነው። አፓችን የተበዳሪውን ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር ካልተሞላ አያሳልፍም። በሐጂ ደብተር ላይ ግን «የዳባቷ»፣ «ባለ ጋሪው»፣ «የመምህሩ ልጅ»፣ «ወፍራሙ ሰዒድ» ይላል። ሰው በሰፈር የሚታወቀው እንዲህ ነው። ደግሞስ ዳቦ በዱቤ ለመውሰድ የመጣን ሕፃን «የአያትህ ስም ማን ነው?» ብሎ ማን ያቆመዋል?

ቀጥሎ ያየነው ቀን ነው። እኛ «የመክፈያ ቀን» የሚል የግድ የሚሞላ ቦታ አስቀምጠን፣ ሲነካ የፈረንጅ ካላንደር እንዲከፈት አድርገናል። ሐጂ ደንበኛቸውን «መቼ ነው?» ሲሉ የሚሰሙት መልስ «ለአረፋ»፣ «ደመወዝ ሲወጣ»፣ «በሬው ሲሸጥ»፣ «ልጁ ከሰሊጥ ሲመለስ» የሚል ነው። እነዚህ ለሰጪውም ለተቀባዩም የታወቁ ቀኖች ናቸው፤ የማያውቃቸው አፓችን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነገር ይበልጥ አስገረመን። አንዲት እናት ዕዳቸውን ሊከፍሉ መጡ። ሐጂ ገንዘቡን ተቀብለው ደብተሩን ወደ እሳቸው አዞሩና፣ እያዩ በስማቸው ላይ መስመር አሰመሩበት። እናትየው መስመሩን አይተው «አላህ ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ። ያ መስመር ደረሰኝ ነው፤ ምስክርም ነው። በእኛ አፕ ላይ ዕዳ ሲከፈል የሰውየው ስም ከዝርዝሩ ድንገት ይጠፋል። እኛ ይህ ንጽሕና መስሎን ነበር። ከፋዩ ግን ምንም አላየም። ባለሱቁም ቢሆን «ተከፈለ ወይስ ጠፋብኝ?» ብሎ ይጠራጠራል።

ከዚያ በኋላ አፑን እንደ አዲስ ሠራነው። ሲከፈት ምዝገባ የለም፤ ወዲያው «ማን? ምን ያህል?» የሚል አንድ ገጽ ይመጣል። ስሙ እንደፈለጉ ይጻፋል። የመክፈያው ጊዜ ባዶ መስመር ነው፤ «ለአረፋ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። የዕለቱን ቀን ራሱ በእኛ አቆጣጠር ያስቀምጣል። ሲከፈል በዕዳው ላይ መስመር ይሰመርበትና ለደንበኛው አዙሮ ለማሳየት የሚመች በትልቁ «ተከፍሏል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስልክ ቁጥርና ፓስወርድ የምንጠይቀው ሰውየው 20 ዕዳ ከመዘገበ በኋላ ነው፤ ያኔም «ስልክህ ቢጠፋ መዝገብህ እንዳይጠፋ ትፈልጋለህ?» ብለን። የመጀመሪያ ቀን ሸክም የነበረው ጥያቄ በሦስተኛው ሳምንት እርዳታ ሆኖ ይመጣል።

ከ11ዱ አምስቱ ቀጠሉ። ስድስቱ ወደ ደብተራቸው ተመለሱ። አንዱ ምክንያት በገጽ ማሳመር የሚፈታ አልነበረም፦ ደብተሩ ሱቅ ውስጥ ይቀራል፣ ስልኩ ግን ከባለቤቱ ኪስ ጋር መስጂድ ይሄዳል፤ ያኔ ሱቁን የሚጠብቀው ልጅ የት ይጻፍ? ይህን ገና አልፈታነውም።

የሌሎች ተሞክሮ

የእኛ ታሪክ ትንሽ ነው። ተመሳሳይ ስሕተት ግን ትልልቆቹም ሠርተውታል።

አሜሪካዊው የዲዛይን ባለሙያ ጃሬድ ስፑል ስለ አንድ ትልቅ የኦንላይን መደብር የተናገረው በሙያው በሰፊው ይጠቀሳል። ደንበኞች ዕቃ መርጠው ሊከፍሉ ሲሉ መጀመሪያ «ተመዝገቡ» የሚል ገጽ ይመጣባቸው ነበር። የመደብሩ ሰዎች ምዝገባው ደንበኛውን የሚጠቅመው መስሏቸዋል። አዲሶቹ ደንበኞች ግን በጥያቄው ተናደው ይሄዳሉ፤ የድሮዎቹም ፓስወርዳቸውን እየረሱ ይቀራሉ። «ተመዝገብ» የሚለው በተን ተነሥቶ «ቀጥል» በሚል ተተካ፤ መመዝገብም ውዴታ ሆነ። ሽያጩ 45 በመቶ አደገ፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 300 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ገቢ ተገኘ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ ነው። ዛሬ በእኛም አገር የሚሠራው ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2005 በኬንያ ሲሞከር ዓላማው ገንዘብ መላላክ አልነበረም። የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ታስቦ ነው የተሠራው። ብድሩ የቡድን ስለነበር አሠራሩ ተወሳሰበ። ሙከራውን የሚከታተሉት ሰዎች ግን ተጠቃሚዎቹ በራሳቸው ጊዜ ሌላ ነገር ሲያደርጉበት አዩ፤ ገንዘብ እርስ በርስ ይላላኩበት ነበር። ሰዎቹን «እንዲህ አይደለም የምትጠቀሙት» ብለው አልገሠጿቸውም። ምርቱን ራሱን ቀየሩት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ኤም-ፔሳ ለሕዝብ ሲቀርብ የያዘው መልእክት አንድ ብቻ ነበር፦ ገንዘብ ወደ ቤት ላክ። ናይሮቢ የሚሠራ ልጅ ገጠር ላለች እናቱ። ይህን ለመረዳት ሥልጠና የሚያስፈልገው ሰው የለም።

ደባርቅ ያለችው እናቴ

ስለ እናትና ገንዘብ ካነሣሁ የራሴን ልንገራችሁ። እናቴ ደባርቅ ናት። ታላቅ ወንድሜ በአንድ የገንዘብ መላኪያ አፕ ገንዘብ ላከላት። የደረሳት መልእክት በእንግሊዝኛ ነው። እንደምንም አፑን ከፍታ ገባች፤ «ካሽ አውት» የሚል አገኘች፤ ቃሉ በእኛ ፊደል ይጻፍ እንጂ ትርጉሙን ማን ነግሯት! ነካችው፤ ቁጥር ጠየቃት፤ የመሰላትን አስገባች፤ ቀይ ጽሑፍ መጣባት። ገንዘቡ የጠፋ መስሏት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። በነጋታው ስልኩን ይዛ ሰፈር ወዳለ ሱቅ ሄደች፤ የሚስጥር ቁጥሯንም ለባለሱቁ ልጅ ነገረችው። ልጁ ሐቀኛ ሆኖ ገንዘቧን አወጣላት። ከዚያ ወዲህ ግን ወንድሜን የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ በሰው ላክልኝ።»

በድርጅቱ መዝገብ ላይ እናቴ ዛሬም «ተመዝጋቢ ደንበኛ» ሆና ትቆጠራለች። እሷ ግን ከሄደች ቆየች። ይህ ነው የሚያሳስበኝ። የመጀመሪያው ቀን ክፉ አቀባበል ውጤቱ አንድ አፕ መጥፋቱ ብቻ አይደለም። አንዲት እናት ስለ ገንዘቧ ለማወቅ የጎረቤት ልጅ ጥገኛ ትሆናለች፤ ምስጢሯ ከእጇ ይወጣል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ «እኔ ደንቆሮ ነኝ» ብላ ታምናለች። ባለሙያው ያልጨረሰውን ሥራ እሷ በራሷ ላይ ታላክከዋለች።

የአገራችንን ትልቁን ምሳሌ ብንወስድ ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ የደንበኞቹ ቁጥር ከ47 ሚሊዮን እንዳለፈ ኢትዮ ቴሌኮም አስታውቋል። ለተማሪ የሚጠቅሙ ሁለት ውሳኔዎች አይበታለሁ። አንደኛው፣ አገልግሎቱ በስማርት ስልክ አፕ ላይ ብቻ አለመንጠልጠሉ ነው፤ ተራ ስልክ የያዘ ሰው *127# ብሎ ያለ ኢንተርኔት ይጠቀማል። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት በቆየ ጊዜ ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ እኛ ጎንደር ያለን ለማንም መንገር የምንችል ነን፤ ኢንተርኔት ካላገኘ የማይከፈት አፕ ሁሉ በእጃችን ጌጥ ሆኖ ነበር። ሁለተኛው ቋንቋ ነው፤ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛና ትግርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር ተሰልፈዋል።

ሆኖም መመዝገብና መጠቀም ሁለት ናቸው። በ2015 ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲወሰን ብዙ ሹፌር ወደ ሞባይል ክፍያ የገባው በግድ ነው። ማደያ ወረፋ ላይ ስልኩን ከነሚስጥር ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሰጥቶ «አንተው ክፈልልኝ» የሚል ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ግዴታ ሰውን በር ድረስ ያመጣል። ገብቶ መቀመጡን የሚወስነው ግን ውስጡ ነው። ስለዚህ ማናችሁም «ይህን ያህል ሰው አውርዶታል» የሚል ቁጥር ይዛችሁ ፕሮጀክት ስትከላከሉ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ራሳችሁ አንሡት፦ ከወር በኋላ ስንቱ ቀረ?

ስማችን፣ ሰዓታችን፣ ዓመታችን

አብዛኛው የምንሠራው አፕ ከውጭ የተወሰደ ቅጽ አለው። እኛም ቅጹን በአማርኛ ተርጉመን «አገርኛ አደረግነው» እንላለን። ችግሩ ግን ቃሉ ላይ አይደለም ያለው፤ ጥያቄው ራሱ ነው የእኛ ያልሆነው።

ስም እንውሰድ። «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ቦታ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ምን ብሎ ይሙላው? አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን። በእኛ በሙስሊሞች ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሃመድ፤ አራቱም አንድ ሰው ናቸው። በላቲን ፊደል ሲሆን አንዱ ጸሐፊ በ«ኦ» ሌላው በ«ዩ» ይጽፈዋል፤ አንዱ «ኤም»ን ይደግማል፣ ሌላው አይደግምም። ዐብዱልቃዲር አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት? የመታወቂያው፣ የሲም ካርዱና የባንክ ደብተሩ አጻጻፍ ሲለያይ ኮምፒውተሩ «መረጃው አይመሳሰልም» ብሎ ይመልስሃል። ከእናንተ መካከል በዚህ ምክንያት ከቢሮ ቢሮ ያልተመላለሰ ስንት አለ? ይህን ኮድ የጻፈው ሰው ክፉ አይደለም፤ ሙሐመድ የሚባል ሰው በአራት ፊደል ሊጻፍ እንደሚችል አላሰበም እንጂ። እኛ ግን እናውቃለን። የምናውቅ ሰዎች ስንሠራው ያንኑ ስሕተት ከደገምን ምን ሰበብ አለን?

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። «ስብሰባው 8:00 ላይ ነው» የሚል ማስታወሻ የደረሰው ሰው ከጧቱ ሁለት ሰዓት ይምጣ ወይስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት? የትውልድ ዓመትም ያው ነው፤ 1995 ብሎ የሞላ ተማሪ በእኛ አቆጣጠር መጻፉን ቅጹ ካላወቀ በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ጳጉሜ የተወለደ ልጅ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ባለው ካላንደር ውስጥ ጭራሽ ቦታ የለውም።

ከወለድ ነጻ አገልግሎትንም ከዚህ ጋር አብሬ አየዋለሁ። አገልግሎቱ በአገራችን የተጀመረው በመደበኛ ባንኮች ውስጥ እንደ አንድ መስኮት ሆኖ ነበር። ከዚያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አገልግሎቱን «ሲቢኢ ኑር» ብሎ የራሱን ስም ሰጠው፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ስም ማውጣትና በር ላይ መጻፍ ትልቅ ነገር ነው፤ በር ላይ ያልተጻፈ አገልግሎት እንደሌለ ይቆጠራልና። በአፕ ላይም ያው ነው። ቁጠባ ሲከፈት ወለዱ አስቀድሞ ተመርጦ ከጠበቀ፣ ያለ ወለድ የሚለው ደግሞ ሦስት ገጽ ወደ ውስጥ ከተደበቀ፣ ሙስሊሙ ደንበኛ ፈልጎ አያገኘውም፤ ዘግቶ ይወጣል። ድርጅቱም «ፈላጊ የለም» ብሎ ይጽፋል።

ማቆየትና ማሰር

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ተጠቃሚን ማቆየት» ሲባል ሰምተው ወደ ሌላ መንገድ የሚሄዱ አሉ። በአጭር ቁጥር መልእክት ይመጣላችኋል፤ በስሕተት ትነኩታላችሁ፤ ከዚያ በየቀኑ ከካርዳችሁ ይቆረጣል። ለመውጣት የእንግሊዝኛ ቃል መላክ አለባችሁ፤ አያቶቻችን ያንን ቃል መቼ ያውቁታል! ሌላውም በየሰዓቱ ስልካችሁን እያንጫረረ «ናፈቅከን» ይላል። አካውንት መክፈቻው በመጀመሪያው ገጽ፣ መዝጊያው ከሰባት ገጽ በታች ነው።

እነዚህ አፖች በቁጥር ሲታዩ ሰው ያቆዩ ይመስላሉ። በእኔ እይታ ይህ ሰውን ማሰር ነው። የሐጂ ሱቅ ደንበኞች ሐጂ ዘንድ የሚመላለሱት ሌላ ሱቅ ስለጠፋ አይደለም፤ አጠገባቸው ሦስት ሱቅ አለ። የሚመጡት ሚዛናቸው ትክክል ስለሆነ፣ ልጅ ሲላክ ስለማያታልሉት፣ የተከፈለ ዕዳ ሲሰረዝ ለባለቤቱ ስለሚያሳዩት ነው። በንግድ ውስጥ የደንበኛን አለማወቅ መጠቀሚያ ማድረግ ማታለል እንደሆነ በሱቅ ላይ ሲሆን ሁላችንም እንስማማለን። በስክሪን ላይ ሲሆን ለምን ስሙ ይቀየራል?

ምን እናድርግ?

ለዘንድሮ ሠሪዎች የምለው ይህ ነው። ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት የምትሠሩለት ሰው አጠገብ አንድ ሙሉ ቀን ዋሉ፤ መጠይቅ አትበትኑ፣ ዝም ብላችሁ እዩ። ከዚያ «ይህ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ምን ይዞ ይሂድ?» የሚለውን አንድ ነገር ምረጡ፤ እሱን ከመስጠታችሁ በፊት ምንም አትጠይቁት። የግድ የምትጠይቁት ካለ ለምን እንደሆነ በገዛ ቋንቋው ንገሩት። የስሕተት መልእክታችሁን ለእናታችሁ አንብቡላት፤ ከደነገጠች ቀይሩት። «ገንዘብዎ አልተነካም፤ ቁጥሩን እንደገና ያስገቡ» ማለት ምን ያስቸግራል? መውጫውን እንደ መግቢያው ግልጽ አድርጉት። በመጨረሻም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ የቀሩትን ቁጠሩ፤ ከቀሩት ይልቅ ግን የሄዱትን ጠይቁ።

የውጤት ጉዳይ የሚያሳስባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ገምጋሚው የሚያየው ስንት ገጽ እንዳለው፣ ምን ቴክኖሎጂ እንደተጠቀምን ነው፤ ገጽ ስንቀንስ ነጥብ ይቀነስብናል» ትላላችሁ። እውነት አለው፤ እኛም ጥሩ ውጤት ያገኘነው በከሸፈው አፕ ነው። ግን ከ11 ሱቆች ያመጣነውን ማስታወሻ ዘርግተን «እንዲህ አስበን ነበር፣ እንዲህ ሆነ፣ እንዲህ ቀየርነው» ስንል ያዳመጠን መምህር ሁሉ ወንበሩን ወደ እኛ አስጠግቷል።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን ለጀማዓው። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲገባ የምንልከው የመመዝገቢያ ቅጽ አለ፤ ስም፣ ዲፓርትመንት፣ የመጣበት ዞን፣ የዶርም ቁጥር፣ የቁርኣን ደረጃ፣ የቤተሰብ ስልክ፣ ሊያገለግል የሚፈልግበት ዘርፍ። ቆጥሬዋለሁ፤ 17 ጥያቄ ነው። ያ ልጅ ገና ሻንጣውን አላወረደም። ማወቅ የሚፈልገው የት እንደሚሰግድ፣ ምግብ የት እንደሚያገኝ፣ ቢያመው ለማን እንደሚደውል ነው። መጀመሪያ እሱን እንስጠው፤ 17ቱ ጥያቄ ረቢዕ እስኪገባ ይቆይ። ባለፈው ዓመት ተመዝግበው ዳግም ያላየናቸውን ልጆች «ደካሞች» ከማለታችን በፊት የእኛን በር እንመልከት።

ባለፈው ጁሙዓ ሐጂ ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። ስልካቸው ላይ የእኛ አፕ አለ፤ አጠገቡ ደግሞ ደብተሩ። «ሐጂ፣ ሁለቱንም ነው እንዴ?» አልኳቸው። «ደብተሩ ለልጁ ነው፤ ማታ ማታ እኔ ወደ ስልኩ እገለብጠዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስልኩንም ለልጁ ሳልሰጥ ሁለታችንም የምንጽፍበት ነገር ብትሠሩልኝ…» አሉ። የሄደ ደንበኛ እንዲህ አይልም። ኢንሻአላህ በዚህ ሴሚስተር እንሞክረዋለን፤ የሚያግዘን ካለ ከዐስር በኋላ መስጂድ በር ላይ ያገኘናል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።